የድሮ ፎቅ ወለል ማጠናከሪያ፦ ባሕር ዳር ገበያ ላይ ካለው የትኛው ዋጋውን ያወጣል?

የድሮ ጣውላ ፎቅ ለማጠናከር ባሕር ዳር ውስጥ በቀላሉ የሚገኙት ነገሮች አራት ናቸው፦ ወፍራም የባሕር ዛፍ ሳንቃ፣ ቱቦላሬ (ሆዱ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት)፣ ላሜራ (ዝርግ ብረት) እና ቻናል ብረት (ባለ ሦስት ጎን፣ አንድ ወገኑ ክፍት የሆነ)። ገዢው ፈጥኖ እጁን የሚዘረጋው ወደ ቱቦላሬው ነው፤ «ብረት ነው፣ ምስጥ አይበላው፣ አይሰበር» ይባላልና። በ80 በ40 መጠን ከተገዛ ግን ከአራቱ ለገንዘቡ ትንሹን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ስሌቱን ከታች እናስቀምጣለን፤ ሲባጎና ሜትር ያለው ሰው ቤቱ ውስጥ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ለማወዳደሪያ የወሰድነው ክፍል ፋሲሎም ሆነ ግሽ ዓባይ ወይም ሽምብጥ ባሉ የከተማው ሰፈሮች ነባር ቤቶች ውስጥ ሊገኝ የሚችል ነው፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር ከ60። ከጣውላው ሥር 7 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆኑ የባሕር ዛፍ አግዳሚዎች በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ተዘርግተዋል፤ በድምሩ 8 ናቸው። አግዳሚ የምንለው ጣውላውን ተሸክሞ ከግድግዳ ግድግዳ የሚሄደውን እንጨት ነው። ቤታችሁ በድቡልቡል ግንድ የተሠራ ከሆነ 14 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግንድ ከዚህ አግዳሚ ጋር ተቀራራቢ ጥንካሬ አለው፣ ስለዚህ ቁጥሮቹ ለእናንተም ይሠራሉ።

መኖሪያ ክፍል በካሬ ሜትር 200 ኪሎ የሰውና የዕቃ ጭነት እንዲችል ተደርጎ ይሰላል። በዚህ ጭነት የኛ አግዳሚ እንጨቱ ጤነኛ ቢሆን እንኳ መሃሉ ላይ ወደ 14 ሚሊ ሜትር ይጎብጣል። ሲረገጥ የማይወዛወዝ፣ ኮርኒሱን የማይሰነጥቅ ወለል ለ4 ሜትር ርዝመት ከ11 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ስለዚህ ይህ ወለል ምንም ሳይበሰብስ፣ ምንም ሳይበላ፣ ገና ከመነሻው ልኩን አልፏል። የድሮ ፎቆች አብዛኛው ችግር ይኸው ነው፤ እንጨቱ አልተሰበረም፣ ነገር ግን ለተጫነበት ሥራ ቁመቱ አይበቃም።

ቁመት የሚለውን ቃል ያዙት፤ ከላይኛው ጠርዝ እስከ ታችኛው ያለው ልክ ማለታችን ነው። እንጨትም ይሁን ብረት፣ ወርዱን እጥፍ ብታደርጉት እንዳይጎብጥ የሚይዘው ጥንካሬው እጥፍ ይሆናል፤ ቁመቱን እጥፍ ብታደርጉት ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ከታች ያለው ፍርዳችን ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ቱቦላሬ

80 በ40፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ በቁሙ ቆሞ ከአግዳሚው ጎን ቢታሰር፣ ብረት ከደረቀ ባሕር ዛፍ ወደ 17 እጥፍ የሚደድር መሆኑን ቆጥረን እንኳ፣ ለአግዳሚው የሚጨምርለት ጥንካሬ 33 በመቶ ብቻ ነው። መጎበጡ ከ14 ወደ 10.6 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ልኩን ለጥቂት ያሟላል እንበል። ይህ ግን አሮጌው እንጨት እንደ አዲስ ከሆነ፣ አዲስ ግድግዳ ካልቆመበት፣ ብረቱም እውነት 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ነው። 2 ተብሎ የተሸጠው 1.5 ሆኖ ከተገኘ ጭማሪው 25 በመቶ ይሆንና መጎበጡ ከ11 ይሻገራል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት አስመዝኑት። 80 በ40 በ2 የሆነ የ6 ሜትር ዘንግ ከ21 እስከ 22 ኪሎ መምዘን አለበት። 16 ኪሎ ተኩል ከመዘነ የያዛችሁት 1.5 ነው። ካሊበር (የውፍረት መለኪያ) ካላችሁ በተቆረጠው ጫፍ በኩል ለኩ፤ ስትለኩ መጋዙ የተወውን ሸካራ ጠርዝ መጀመሪያ በሞረድ አንሱት፣ አለዚያ ቀጭኑ ወፍራም መስሎ ይታያል።

ከዚህ የባሰም አለ። ኮርኒሱን ላለማፍረስ ቱቦላሬውን በጎኑ አጋድመው ከአግዳሚዎቹ ሥር የሚያስሩ አሉ። ያን ጊዜ ቁመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ጭማሪው ወደ 11 በመቶ ይወርዳል። ገንዘቡ ያው ነው፣ ኪሎው ያው ነው፣ ሥራው ግን ሲሶው ነው። በጥቁር ሽቦ ከታሰረማ ብረቱና እንጨቱ ለየብቻቸው ስለሚንቀሳቀሱ ያችም አትገኝም።

ቱቦላሬን ጨርሶ ጣሉት ማለታችን አይደለም። 100 በ50 በ3 የሆነው በሜትር 6.8 ኪሎ ይመዝናል፣ ጥንካሬውን በ95 በመቶ ይጨምራል። 120 በ60 በ3 ከተገኘ ደግሞ በሜትር 8.2 ኪሎ ይመዝንና 167 በመቶ ይጨምራል፤ በኪሎ ሂሳብ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ችግሩ ክፍት ሆዱ ነው። ቡሎን አሳልፋችሁ በ19 ቁልፍ ስታጠብቁ የብረቱ ግድግዳ ወደ ውስጥ ይጨመቃል፣ ከሳምንት በኋላ ቡሎኑ ላልቶ ታገኙታላችሁ። መድኃኒቱ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ልክ የቱቦላሬው ወርድ ያህል የተቆረጠ ቁራጭ የውሃ ቧንቧ ማስገባትና ቡሎኑን በዚያ ውስጥ ማሳለፍ ነው። ብየዳ ቤቱ ይህን አስቀድሞ እንዲሠራ እዘዙ፤ ፎቅ ላይ ከተወጣ በኋላ ማንም ታግሶ አይሠራውም።

የባሕር ዛፍ ሳንቃ

የኛ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው፣ ግን በቅድመ ሁኔታ፤ ደረቅ ከሆነ ብቻ።

6 በ15 የሆነ ደረቅ ሳንቃ ከአሮጌው አግዳሚ ጎን ለጎን ሙሉ ርዝመቱን ቢታሰር ጥንካሬው በ86 በመቶ ይጨምራል፣ መጎበጡ ወደ 7.6 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። አናጢ ያውቀዋል፣ መጋዝና ድሪል ይበቃዋል፣ ብየዳ አይፈልግም፣ ከአሮጌው እንጨት ጋር አብሮ ይነፋል፣ አብሮ ይሸማቀቃል።

የከተማው እንጨት በአብዛኛው ከመራዊ፣ ከአዴትና ከአካባቢው ገበሬ የሚመጣ ባሕር ዛፍ ነው። ትኩስ ሆኖ ይወርዳል፣ ትኩስ ሆኖ ይሰነጠቃል፣ ትኩስ ሆኖ ይሸጣል። 15 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ትኩስ ሳንቃ ሲደርቅ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ሊያጥር ይችላል። ከጣውላው ሥር አጥብቃችሁ የከተታችሁት እንጨት በግንቦት ላይ ከጣውላው ተለይቶ ብርሃን ያሳያል፤ ያን ጊዜ ጣውላውን የሚሸከመው እንደገና አሮጌው ብቻ ነው። ከዚያም በላይ ይጠማዘዛል፣ ሲጠማዘዝ ቡሎኑን ይዞ አሮጌውን እንጨት ይሰነጥቃል።

እንጨት ቤት ስትገቡ አንድ ሳንቃ አንሡና ጫፉን እዩ። በተቆረጠው ፊት መሃል የዛፉ ልብ፣ ያቺ የጣት ጫፍ የምታህል ጠቆር ያለች ነጥብ፣ ከታየች ያ ሳንቃ ይቅርባችሁ፤ ከልቡ ዙሪያ የተሰነጠቀ ባሕር ዛፍ ሁሌም መሃል ለመሃል ይፈነዳል። ጫፉ ላይ እንደ ፀሐይ ጨረር የተበተኑ ስንጥቆች ካሉ ረጅሙን ለኩ፣ ያን ያህል ከጫፉ እንደሚቆረጥ አስባችሁ ርዝመቱን ግዙ። ከዚያ መዳፋችሁን ጠፍጣፋው ላይ አሳርፉ። ትኩስ እንጨት በቀትር እንኳ ይቀዘቅዛል። ሻጩን «ወንድሜ፣ ይሄ የተሰነጠቀው መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ከመስከረም በኋላ ከሆነና ወሩ ገና ኅዳር ከሆነ ለወለል አይሆንም።

ማድረቂያው እንዲህ ነው። ሳንቃዎቹን ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩ፣ በየረድፉ መሃል 2 በ2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዘንግ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ አኑሩ፣ ዘንጎቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይዋሉ። ጥላ ያስፈልጋል፣ ነፋስ ያስፈልጋል፤ ፀሐይ አያስፈልግም። ጫፎቹን የተረፈ ቀለም ቀቡ፣ ውሃው በጫፍ በኩል ቶሎ እንዳይወጣና እንዳይሰነጠቅ። ላያቸው ላይ ድንጋይ ጫኑ። አንዱን ቁራጭ ምልክት አድርጋችሁ በየሳምንቱ መዝኑት፤ ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ክብደቱ ካልቀነሰ ደርቋል። 6 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው በጥቅምት ተደርድሮ እስከ ግንቦት የደረቁን ወራት በሙሉ ቢያገኝ ጥሩ ነው። ሥራውን ለማጣደፍ ትኩስ እንጨት ከመግዛት ወደ ብረት መሄድ ይሻላል።

ለኛ ማወዳደሪያ ክፍል የሚያስፈልገው፦ 8 ሳንቃ፣ እያንዳንዱ 4 ሜትር ከ20 (በየጫፉ 10 ሴንቲ ሜትር ግድግዳው ላይ እንዲቀመጥ)። ከመላጊያ በኋላ 6 በ14 ተኩል እንዲሆን እዘዙ። ግማሽ ሴንቲ ሜትሯ የምትተወው አሮጌው አግዳሚ ቀጥ ስለማይል ነው፤ እኩል ቁመት ያለው ሳንቃ ባበጠው ቦታ ጣውላውን ገፍቶ ምስማር ይነቅላል። ክፍተቱ በጠንካራ እንጨት ሽብልቅ ይሞላል፣ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ።

ምስማር ብቻ የሚመታ አናጢ አትቀበሉ። የደረቀ ባሕር ዛፍ ምስማር ያጎብጣል፣ ጎበጠም አልጎበጠም ጫፉን ይሰነጥቃል። የሚያስፈልገው 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን ነው፣ ርዝመቱ 16 ሴንቲ ሜትር፣ በሁለቱም ወገን ሰፊ ሮንዴላ ያለው። ቀዳዳው 13 ሚሊ ሜትር ይሁን። አደራደሩ ዚግዛግ ነው፤ አንዱ ከላይኛው ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር ወረድ ብሎ፣ ቀጣዩ ከታችኛው ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በመሃላቸው 50 ሴንቲ ሜትር። በየጫፉ ሁለት ሁለት ይሁኑ። በአንድ አግዳሚ 11 ይሆናሉ፣ በ8ቱ 88፤ 95 ቡሎንና 190 ሮንዴላ ግዙ፣ ጥቂት ጥርሳቸው የተበላ አይጠፋም። ሮንዴላ የሌለው ዳዶ እንጨቱ ውስጥ ይሰምጣል፣ ጠብቋል ብላችሁ ታምኑታላችሁ፣ አልጠበቀም። ከሦስት ወር በኋላ ሁሉንም በድጋሚ ማጥበቅ የሥራው አካል ነው፤ ከኮርኒሱ በፊት ይህን ጊዜ ስጡት።

ላሜራ

6 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 14 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው የላሜራ ቁራጭ በጎን ቢታሰር 116 በመቶ ይጨምራል፣ በሜትር 6.6 ኪሎ ብቻ ነው። ቦታ አይወስድም፣ ከአሮጌው አግዳሚ ጎን ተጣብቆ ይጠፋል። በወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። ነገር ግን 1 በ2 ሜትር የሆነ ላሜራ ለ4 ሜትር አግዳሚ መሃል ለመሃል መቀጠል ይኖርበታል፤ መሃል ማለት ጭነቱ የሚበረታበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ የተበየደ ላሜራ የሚያስተማምነው በያጁ ጠርዙን በግራይንደር ሾል አድርጎ ሙሉ ውፍረቱን ከሞላው ነው፤ ላይ ላዩን የተሰመረ ብየዳ አይታመንም። ወጥ ሆኖ የተሸጠ ረጅም ላሜራ ካላገኛችሁ እለፉት።

ቻናል ብረት

ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነው፣ ዩፒኤን 100 በሚባለው ቻናል ላይ ቅሬታ የለንም። በሜትር 10.6 ኪሎ ነው፣ 175 በመቶ ይጨምራል፣ መጎበጡን ወደ 5 ሚሊ ሜትር ያወርዳል። ጠፍጣፋ ጀርባው ከእንጨቱ ጋር ይገጥማል፣ ቡሎኑ ክፍት ሆድ ስለማያልፍ አይጨመቅም፤ 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቡሎን በመሃል መስመሩ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ይበቃዋል።

የሚከብደው ሂሳቡ ነው። ዘንጉ 6 ሜትር ነው፣ የሚቆረጠው 4.20፣ የሚተርፈው 1.80። ለ8ቱ አግዳሚ 8 ዘንግ ትገዛላችሁ፣ ይኸውም ወደ 509 ኪሎ ነው፤ ወለሉ ላይ የሚውለው 356 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ለሁሉም አትግዙ። አዲስ ግድግዳ የሚቆምባቸው፣ መታጠቢያ የሚያርፍባቸው ወይም ጫፋቸው የበሰበሰ ሁለት ሦስት አግዳሚዎች በቻናል፣ የቀሩት በሳንቃ ይጠናከሩ። ገንዘብ ቆጥቦ ጥሩ ወለል የሚሰጠው ቅልቅሉ ይህ ነው። ብረቱ ከመውጣቱ በፊት በሙሉ ዙሪያው፣ በተለይ ከእንጨቱ የሚገጥመው ጀርባው፣ ሁለት እጅ አንቲረስት ይቀባ፤ እርጥብ ባሕር ዛፍና እርቃን ብረት ሲገናኙ እንጨቱ ይጠቁራል፣ ብረቱ ይዝጋል።

መሃሉን ከማጠንከር በፊት ጫፉን

ከላይ ያለው ሁሉ የሚጠቅመው የአግዳሚው ጫፍ ጤነኛ ከሆነ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ፣ በተለይ በሐምሌ፣ ከአሸንዳ የሚፈሰው ውሃ የውጩን ግድግዳ ያረሰርሳል። ጭቃው ወይም ድንጋዩ ውስጥ የተቀበረው የአግዳሚ ጫፍ ውሃውን በጭረቶቹ ይመጥጣል፣ የሚተነፍስበት ስለሌለ ከውስጥ ይበሰብሳል። ከውጭ ሲታይ ደህና ነው።

ካቻቢቴ ይዛችሁ ከግድግዳው በወጣበት ቦታ፣ ከታች በኩል፣ ወጋ አድርጉት። ጤነኛ ባሕር ዛፍ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ያስገባና ይመልሳችኋል። ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ሳይታገል ከገባ በስብሷል። ቀጥሎ በመዶሻ መታ መታ እያደረጋችሁ ወደ መሃል ሂዱ፤ ድምፁ ከ«ቶክ» ወደ «ቦፍ» የሚለወጥበት ቦታ ምስጥ ያለፈበት ነው። ግድግዳው ላይ እንደ እርሳስ የቀጠነ የጭቃ መሿለኪያ ካያችሁ ምስጡ ከመሬት በጭቃው ግድግዳ በኩል እየወጣ ነው፤ መሿለኪያውን ሳያቋርጡና መሬቱን ሳያክሙ አዲስ እንጨት መግጠም ቀለብ መጨመር ነው። የተቃጠለ ዘይት መቀባት ለአጥር ቋሚ ይሁን እንጂ ለመኝታ ክፍል አይሆንም፤ ሽታው አይለቅም፣ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፣ እሳት ይወዳል።

የበሰበሰው ከተገኘ የሚታየው ብስባሽ ካለቀበት 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ጤነኛው አልፋችሁ ቁረጡ። አዲሱ ቁራጭ ከጤነኛው ጋር ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 ተደራርቦ በ8 ቡሎን ይታሰር፤ የተሻለው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ቻናል ጭነቱን በሙሉ እንዲቀበል ማድረግ ነው። ቻናሉ የሚቀመጥበት ጫፍ ሥር 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ላሜራ ይበየድለት፣ ጭቃው ላይ ሳይሆን በሲሚንቶ በተስተካከለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይረፍ። የእንጨት ጫፍ ከሆነ ከሥሩ ሬንጅ የተቀባ ንጣፍ አስገቡለት፣ በግራና በቀኝ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር አየር ተዉ። ግንበኛው ቀዳዳውን አሳምሮ በሲሚንቶ ድፍን ሲያደርገው ዝም ብላችሁ አትዩ። በጣም የሚያሳዝነን ስህተት እሱ ነው፤ ጥሩ ሥራ መስሎት የሚሠራው ነውና።

ማንሣት

የጎበጠውን ቀና የምታደርጉት ከማሰራችሁ በፊት ነው። ለፎርምወርክ የሚከራዩ የብረት ድጋፎችና 5 ቶን ወይም ከዚያ በላይ የሚያነሳ ክሪክ ይበቃል። ክሪኩን በቀጥታ አንድ አግዳሚ ሥር አታስገቡ፤ ሦስት አግዳሚ የሚያቋርጥ ወፍራም እንጨት ከሥራቸው አጋድሙ። የክሪኩ እግር ቢያንስ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሳንቃ ንጣፍ ላይ ይረፍ፣ የምድር ቤቱ ወለል መረሬ አፈር ላይ ከሆነ ከዚህም ይስፋ፤ አለዚያ ፎቁ በመነሣት ፈንታ ክሪኩ ይሰምጣል። በቀን ከ3 ሚሊ ሜትር አትለፉ። ለዓመታት የጎበጠ እንጨት ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ግማሹን ካገኛችሁ ቁሙ። በኃይል ካስገደዳችሁት ልስኑ ይፈርሳል፣ የጣውላው ምስማሮች ይነቀላሉ።

4.20 የሆነ ሳንቃ 4 ሜትር ክፍል ውስጥ እንዴት ይገባል የሚለው ሁሌም ይጠየቃል። አንደኛው ግድግዳ ላይ ያለውን ቀዳዳ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ስጡት። ሳንቃውን መጀመሪያ እዚያ እስከ መጨረሻው ክተቱ፣ ሌላውን ጫፍ በተቃራኒው ቀዳዳ ትይዩ አንሡ፣ ከዚያ 10 ሴንቲ ሜትር መልሱት። ላይኛው ጥጉ በሁለቱም ጫፍ በትንሹ ሾል ብሎ ከተቆረጠ ጣውላውን ሳይነካ ይዞራል። በመጨረሻም በአግዳሚዎቹ መካከል፣ በክፍሉ መሃል መስመር ላይ፣ ልክ ተቆርጠው የሚወጠሩ አጫጭር እንጨቶች ይግቡ። ጭነቱን አንዱ ለሌላው ስለሚያካፍሉ ውዝዋዜው በግልጽ ይቀንሳል። የቱቦላሬ ቁራጭ የተረፈው ካለ ለዚህ ይሆናል።

ባለሙያው

ሦስት ነገር ቀድማችሁ ተስማሙ፣ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። አንደኛ፣ ፎቅ ላይ ብየዳ አይኖርም። በጣውላዎቹ መሃል ለዓመታት የተጠራቀመው አቧራና በጭቃው ውስጥ ያለው ጭድ ፍንጣሪ ሲነካው ወዲያው አይነድም፤ ሰው ከሄደ በኋላ ሌሊት ይነድዳል። መቁረጥ፣ መብሳት፣ መበየድ ሁሉ ብየዳ ቤት ይለቅ፣ ፎቅ ላይ የሚወጣው ቁልፍ ብቻ ይሁን። ሁለተኛ፣ ክፍያው በተቋጨ አግዳሚ እንጂ በቀን አይሁን፤ በቀን የተከፈለው ጫፉን ለመመርመር ጊዜ አይሰጥም፣ ወይም ያለ ልክ ይሰጠዋል። ሦስተኛ፣ የቧንቧ ሠራተኛው አናጢው በሌለበት አግዳሚ አይነካም።

ሦስተኛው ትንሽ ሊመስል ይችላል። የሽንት ቤት ፍሳሽ ቧንቧ 110 ሚሊ ሜትር ነው፣ አግዳሚው 150። ያን ቀዳዳ ያለፈ አግዳሚ አግዳሚ መሆኑ ቀርቷል። ቀዳዳ ከአግዳሚው ቁመት ከሲሶ አይብለጥ፣ ማለት እዚህ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ከላይና ከታች ጠርዝም 5 ይራቅ። ወፍራሙ ፍሳሽ በአግዳሚዎቹ መሃል፣ ከእነሱ ጋር ትይዩ ሆኖ ይሂድ፤ መጸዳጃው የሚቀመጥበትን ግድግዳ የሚወስነውም ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚጫነው

በ5 ሴንቲ ሜትር ሲሚንቶ ላይ የተነጠፈ ሴራሚክ በካሬ ሜትር ወደ 120 ኪሎ ይመዝናል። ለሰውና ለዕቃ ካሰባችሁት ከግማሽ በላይ ሲሚንቶው ብቻውን ወሰደው ማለት ነው፤ ያውም ሁልጊዜ የሚኖር ጭነት ነው፣ እንጨትን ደግሞ ይበልጥ የሚያጎብጠው የማይነሳ ጭነት ነው። በሳንቃ ለተጠናከረ ወለል ጣውላ ወይም ድርብ ኮምፔንሳቶ ላይ የፕላስቲክ ንጣፍ እንመክራለን። ሴራሚክ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ብቻ ከተፈለገ እዚያ ያሉት አግዳሚዎች በቻናል ይሁኑ፣ ሴራሚኩም በወፍራም ሲሚንቶ ሳይሆን በስስ ማጣበቂያ ይነጠፍ። 1000 ሊትር ሮቶ ደግሞ ሲሞላ 1 ቶን ነው። ውሃ ስለሚጠፋ ፎቁ ውስጥ ጥግ ላይ ማስቀመጥ ያጓጓል፤ የትኛውም ዓይነት ማጠናከሪያ ቢገባ ጣውላ ፎቅ ላይ አታስቀምጡት፣ ውጭ የራሱ ማማ ይሠራለት።

መፈተኛ

ሥራው ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ አንድ ዓይነት ፈተና አድርጉ። ፈተናው ጫፋቸው ተመርምሮ ጤነኛ ለሆኑ አግዳሚዎች ብቻ ነው። በአግዳሚው ሁለት ጫፍ ሥር 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ቁራጮች አስራችሁ በእነሱ ላይ ሲባጎ ወጥሩ፣ መሃል ላይ ከሲባጎው እስከ እንጨቱ ያለውን ለኩ። ከዚያ 12 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ በዚያ አግዳሚ መስመር ላይ እኩል ደርድሩ፤ 240 ኪሎ ነው። ግማሽ ሰዓት ቆዩና እንደገና ለኩ። ልዩነቱን ጻፉት። በሳንቃ የተጠናከረ አግዳሚ ከሥራው በኋላ የቀድሞውን ግማሽ ያህል ብቻ መውረድ አለበት፣ በቻናል የተጠናከረ ደግሞ ሲሶውን ያህል። ከዚያ በላይ ከወረደ ቡሎኖቹ አልጠበቁም ወይም ሽብልቆቹ አልነኩም፤ ጀሪካኖቹን አውርዳችሁ ከጫፍ ጀምሮ እያንዳንዱን ዳዶ እንደገና ሞክሩ፣ ለአናጢው የመጨረሻውን ክፍያም ሁለተኛው ልኬት እስኪስተካከል ያዙት።